አስም፦ በደኅናው ቀን የሚታከም ሕመም



የሚከተለው ታሪክ የአንዲት ሴት ብቻ አይደለም። በብዙ አጥቢያዎችና በብዙ የሥራ ጣቢያዎች የሚደጋገም ስለ ሆነ፣ ስታነቡት የምታውቁት አንድ ሰው ትዝ ሊላችሁ ይችላል።

አንዲት ወጣት እናት እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ትተዳደራለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከመዘምራን ጋር ትቆማለች። ሌሊት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሳል ይቀሰቅሳታል፤ ደረቷ ይጨመቃል፤ ስትተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይሰማል። ሲነጋ ይተዋታል። ጎረቤቶቿ «ብርድ ነው» ይሏታል፤ እርሷም እንደዚያው ታምናለች። በመጨረሻ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ አስም መሆኑ ተነገራት፤ ሁለት በአፍ የሚሳቡ መድኃኒቶችም ተሰጧት። አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ቡናማ ነበር። ሰማያዊውን በሳበች ቁጥር ደረቷ ወዲያው ይከፈትላታል። ቡናማውን ግን ብትስበውም ባትስበውም ልዩነቱ አልተሰማትም። ስለዚህ ቡናማው ሲያልቅ አልተካችውም፤ ገንዘቧን ቆጥባ ሰማያዊውን ብቻ መግዛት ጀመረች። በመጀመሪያ አንዱ ለሦስት ወር ይበቃት ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን በወር አንድ ትጨርስ ጀመር። በነሐሴ ወር፣ በአንድ የሌሊት ጸሎት ላይ፣ ትንፋሿ ሲያጥር ሰማያዊው መድኃኒት እንደ ወትሮው አልመለሰላትም። ከአዳራሹ በባጃጅ ተጭና ሆስፒታል ደረሰች፤ በኦክስጅንና በመድኃኒት ሕይወቷ ተረፈ። ባጃጁ ባይገኝ ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር።

ይህች እናት ቸልተኛ አልነበረችም። የሚሰማትን ሕመም የሚያስወግድላትን መድኃኒት መምረጧም አያስገርምም። የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የአስም ዋናው ሥራ የሚሠራው ሕመሙ በማይሰማበት ጊዜ መሆኑን የነገራት ሰው አለመኖሩ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ አስም ያለባቸው ሰዎች 262 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ በዚያው ዓመት 455 ሺህ ያህሉ በዚህ ሕመም ሞተዋል። ከሞቱትም አብዛኞቹ የነበሩት ሕመሙ ሳይታወቅላቸው በሚቀርባቸውና መድኃኒቱ እንደ ልብ በማይገኝባቸው ድኻ አገሮች ነው። ሕመሙ ግን በአግባቡ ከተያዘ፣ አብዛኛው ሕመምተኛ ሠርቶ፣ ሮጦ፣ ዘምሮና ሌሊቱን ተኝቶ የሚኖርበት ሕመም ነው።

አስም ምንድር ነው?

የምንስበው አየር ወደ ሳንባችን የሚገባው በቧንቧዎች ነው። ዋናው ቧንቧ እንደ ዛፍ ግንድ ሆኖ ወደ ቅርንጫፎች፣ ቅርንጫፎቹም ወደ ቀጫጭን ጭራሮዎች ይከፈላሉ። አስም ያለበት ሰው ችግር በእነዚህ ቀጫጭን ቧንቧዎች ላይ ነው። በእነርሱም ላይ ሦስት ነገሮች ይደርሳሉ።

አንደኛ፣ የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን ይቆጣል፤ ያብጣል።
ሁለተኛ፣ በቧንቧው ዙሪያ የተጠመጠሙት ጡንቻዎች ይኮማተሩና ቧንቧውን ያንቁታል።
ሦስተኛ፣ የወፈረ አክታ ይመነጭና የቀረውን ቀዳዳ ይሞላዋል።

ሕመሙ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለመረዳት የሚፈልግ ጤነኛ ሰው ይህን ይሞክር። የእስክሪብቶ ቀፎ አንሥቶ፣ አፍንጫውን በጣቱ ይዞ፣ ለጥቂት ጊዜ በቀፎው ብቻ ይተንፍስ። ወዲያው አስወጥቶ መጨረስ እንደሚያስቸግር ያስተውላል። አስም ያለበት ሰው የሚቸገረውም ይበልጡን አየሩን በማስወጣት ነው። አሮጌው አየር ሳይወጣ ስለሚቀር አዲሱ የሚገባበት ቦታ ያጣል። ቀፎውን የያዘ ሰው ሲጨንቀው ጥሎት ይገላገላል፤ ሕመምተኛው ግን የሚጥለው ነገር የለም።

እንግዲህ ከሦስቱ ነገሮች ጡንቻው ሲኮማተር ሰው ወዲያው ይሰማዋል። የሽፋኑ ማበጥ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣና በየቀኑ የሚኖር ስለ ሆነ፣ በደኅናው ቀን አይሰማም። ያበጠ ሽፋን እንደ ቁስል ነው፤ ጥቂት ጢስ ወይም ቀዝቃዛ አየር ሲነካው ጡንቻው ደንግጦ ይኮማተራል። «ትናንት ደኅና ነበርሁ፤ ዛሬ ድንገት ተነሣብኝ» የሚል ሰው፣ በእርግጥ ትናንትም ሽፋኑ አብጦ ነበር።

ከየት ይመጣል?

አስም አንድ መነሻ ብቻ የለውም። በቤተ ሰብ የሚወረስ ዝንባሌ አለ፤ ወላጆቻቸው ወይም ወንድም እኅቶቻቸው አስም ወይም አለርጂ ያለባቸው ልጆች ይበልጥ ይጋለጣሉ። በዚህ ላይ የኑሮው አካባቢ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ገጠር ሲመረምር፣ አስም በከተማው ነዋሪዎች ላይ ከገጠሩ ይልቅ በዝቶ አግኝቶታል። ከገጠር ወደ ከተማ የሚፈልሰው ሕዝብ በየዓመቱ እየበዛ ለሚሄድባት አገራችን ይህ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር ነው።

አስም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከሕመምተኛው ጋር በአንድ ጽዋ መጠጣት፣ በአንድ ማዕድ መቅረብ፣ አጠገቡ ተቀምጦ መዘመር ምንም ጉዳት የለውም። የእርግማን ወይም የመንፈስ ምልክትም አይደለም፤ የሳንባ ቧንቧዎች ሕመም ነው።

አስም ነው ወይስ ሌላ?

አስም መለያ ጠባይ አለው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሌሊትና ሊነጋ ሲል ይብሳል፤ ጢስ፣ አቧራ፣ ብርድ፣ ጉንፋን፣ ሩጫ ወይም ብርቱ ሳቅ ያነሣሣዋል፤ በመካከሉ ደኅና ቀናት አሉት። አንዳንዱ ሰው ሲር ሲር የሚል ድምፅ ሳይኖረው ሳል ብቻ ይኖረዋል። በጤና ተቋም ፒክ ፍሎው ሜትር በተባለች ትንሽ መሣሪያ ሕመምተኛው በኃይል እንዲነፋ ተደርጎ፣ የትንፋሹ ጉልበት ጧትና ማታ ምን ያህል እንደሚለያይ ይለካል።

ነገር ግን ሳል ሁሉ አስም አይደለም። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ በተለይም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክሳት ወይም ደም የተቀላቀለበት አክታ ካለ፣ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል የአክታ ምርመራ ያስፈልጋል። የልብ ሕመምም ትንፋሽ ያሳጥራል። ለብዙ ዓመታት በጢስ ውስጥ ምግብ ያበሰለች ወይም ሲጋራ ያጨሰ ሰው ሌላ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ሊኖረው ይችላል። ትኩሳት ያለውና በፍጥነት የሚተነፍስ ሕፃን ደግሞ የሳንባ ምች ይዞት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ምርመራ እንጂ ከጎረቤት መድኃኒት መዋስ አይደለም።

ሁለቱ መድኃኒቶች

ሐኪሞች ኢንሄለር፣ ብዙ ሰዎች ደግሞ «ፓፍ» የሚሉት በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱም የተለያየ ሥራ አላቸው።

የመጀመሪያው ማስታገሻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ሲሆን ስሙ ሳልቡታሞል ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ መድኃኒት ነው። የተኮማተረውን ጡንቻ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያላላዋል፤ ኃይሉም ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያህል ይቆያል። እብጠቱን ግን ፈጽሞ አይነካውም።

ሁለተኛው መከላከያ ነው። ብዙ ጊዜ ቡናማ ሲሆን፣ በአገራችን በብዛት የሚታወቀው ቤክሎሜታዞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በኢንሄለር መልክ ለሕመምተኞች ቀረበ። የሚያደርገው የሽፋኑን እብጠት ቀስ በቀስ ማብረድ ነው። ሥራው በቀናትና በሳምንታት የሚታይ ስለ ሆነ፣ በሳቡበት ሰዓት ምንም አይሰማም። በታሪካችን ያለችው እናት የተወችው ይህንን ነው። የኢንሄለሩ ቀለም እንደ ፋብሪካው ሊለያይ ስለሚችል፣ ስሙን አንብቦ ወይም አስነብቦ መለየት ይገባል።

ማስታገሻውን ብቻ መጠቀም ለምን አደገኛ ሆነ? እብጠቱ ውስጥ ውስጡን እየጨመረ ሲሄድ፣ ማስታገሻው ምልክቱን ስለሚሸፍነው ነው። ሰውየው ሲሻለው፣ ሕመሙ ግን ሲብስ ይኖራል። ታሪክም ይህን አስተምሯል። በ1960ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝና በሌሎች ጥቂት አገሮች ኃይለኛ ማስታገሻ ኢንሄለር በገፍ ሲሸጥ፣ በአስም የሚሞቱ ወጣቶች ቁጥር ጨመረ። ከ1976 ጀምሮ ደግሞ በኒው ዚላንድ ፌኖቴሮል የተባለ ሌላ ኃይለኛ ማስታገሻ ሲሰራጭ እንዲሁ ሆነ፤ መድኃኒቱ እንዲገደብ ከተደረገ በኋላ የሞቱ ቁጥር ወረደ። ሳልቡታሞል እንደ እነዚያ ኃይለኛ ባይሆንም፣ ብቻውን ሲወሰድ እብጠቱን የሚተወው መሆኑ አንድ ነው።

ስለዚህ የአስም ሕክምናን መመሪያ የሚያወጣው ጊና የተባለው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ዐዋቂዎችና ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች በማስታገሻ ብቻ እንዳይታከሙ መከረ። ይልቁንም መከላከያውን የያዘ ኢንሄለር እያንዳንዱ ሕመምተኛ እንዲኖረው አሳሰበ። ዛሬ ቡደሶናይድና ፎርሞቴሮል የተባሉትን በአንድነት የያዘ ኢንሄለር አለ፤ ያስታግሳልም፣ ይከላከላልም። ይህ በማይገኝበት ወይም ዋጋው በማይቻልበት ቦታ፣ ቤክሎሜታዞንን ጧትና ማታ መሳብ፣ ወይም ሐኪሙ እንደሚያዘው ሰማያዊው በተሳበ ቁጥር ቡናማውንም አስከትሎ መሳብ ይቻላል።

ይህ መንገድ ፍሬ እንዳለው በተግባር ታይቷል። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 በነበረው አገር አቀፍ የአስም ፕሮግራሟ፣ ሕመሙ እንደ ታወቀ መከላከያውን በማስጀመር በአስም ምክንያት በሆስፒታል የሚያልፈውን የአልጋ ቀን ከግማሽ በላይ ቀነሰች። ይህ የባለጸጋ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስለን፣ በብራዚል በሳልቫዶር ከተማም ከ2003 ጀምሮ ከባድ አስም ላለባቸው ድኾች መከላከያው በነጻ ሲሰጥና አወሳሰዱን ሲማሩ፣ ሆስፒታል የሚገባው ሰው ቁጥር በብዙ ወረደ።

ስለ ክኒንም አንድ ነገር እንበል። ብዙዎች ኢንሄለሩን ፈርተው የሳልቡታሞል ክኒን ይመርጣሉ። ነገር ግን አንድ የኢንሄለር ምት 100 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ባለ 4 ሚሊግራም ክኒን ግን የዚያን 40 እጥፍ ይዟል። ክኒኑ በሆድና በደም ዞሮ ወደ ሳንባ እስኪደርስ ይዘገያል፤ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ልብ ያስመታል። ኢንሄለሩ ግን ጥቂቱን መድኃኒት በቀጥታ ወደ ታመመው ቦታ ያደርሳል።

መድኃኒቱ ሳንባ እንዲደርስ

ኢንሄለር እንዲፈለሰፍ ምክንያት የሆነች የ13 ዓመት ልጅ ናት ይባላል። አባቷ በአሜሪካ የአንድ መድኃኒት ፋብሪካ ኃላፊ ነበሩ። አስም የነበረባት ይህች ልጅ በ1955፣ መድኃኒቷ እንደ ሽቶ ተጭነው በሚነፉት ዕቃ ለምን እንደማይሠራ ጠየቀቻቸው። በሚቀጥለው ዓመት ኢንሄለሩ ለገበያ ቀረበ። ዕቃው ቀላል ይምሰል እንጂ፣ አጠቃቀሙን ባለማወቅ መድኃኒቱ ምላስ ላይ ቀርቶ የሚባክንባቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ትክክለኛው አወሳሰድ ይህ ነው፦

1. ክዳኑን ማውጣት፣ ውስጡ ንጹሕ መሆኑን ማየት፣ ደኅና አድርጎ መነቅነቅ።
2. ቀና ብሎ በመቀመጥ ወይም በመቆም አየሩን ቀስ ብሎ ማስወጣት።
3. የኢንሄለሩን አፍ በጥርስ መካከል አድርጎ በከንፈር መግጠም።
4. ቀስ ብሎ አየር መሳብ በጀመሩበት ቅጽበት አንድ ጊዜ መጫን፤ እስከ መጨረሻው በዝግታ መሳብ።
5. እስከ አሥር እየቆጠሩ ትንፋሽን መያዝ፤ ከዚያ ማስወጣት።
6. ሁለተኛ ምት ከታዘዘ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መድገም።
7. መከላከያውን ከሳቡ በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥምጦ መትፋት። ይህ በአፍ ውስጥ ነጭ ቁስል እንዳይወጣና ድምፅ እንዳይጎረና ይረዳል።

መሳብና መጫን አንድ ላይ ለማይመቻቸው፣ ይልቁንም ለልጆች፣ በኢንሄለሩና በአፍ መካከል የሚገባ ስፔሰር የሚባል ዕቃ አለ። የሚሸጠው ባይገኝም መላ አለው። በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ሐኪሞች ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት፣ ከግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ስፔሰር አስም ለተነሣባቸው ልጆች ከፋብሪካው እኩል እንደሚሠራ አሳይቷል። ብዙዎቻችን «ሃይላንድ» የምንለውን የውኃ ጠርሙስ በመውሰድ፣ በጋለ ሽቦ ከሥሩ የኢንሄለሩን አፍ ልክ የሆነ ቀዳዳ መብሳት፣ ኢንሄለሩን ማስገባትና ዙሪያውን አየር እንዳያሳልፍ በማጣበቂያ መድፈን ነው። በውስጡ የፕላስቲክ ፍርፋሪ እንዳይቀር ይታይ። በሳሙና ውኃ ታጥቦ ሳይወለወል በራሱ ይድረቅ። ልጁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ገጥሞ፣ አንድ ምት ከተጫነለት በኋላ አራት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይተነፍሳል። በከንፈራቸው መግጠም ለማይችሉ ሕፃናት ግን ጭንብል ያለው ስፔሰር ያስፈልጋል።

ኢንሄለሩ እንዳለቀ በመነቅነቅ ወይም ውኃ ላይ በማንሳፈፍ ማወቅ አይቻልም፤ መድኃኒቱ ካለቀም በኋላ ይነፋልና። በላዩ ቁጥር ከሌለው፣ 200 ምት ያለው መከላከያ ጧት ሁለት ማታ ሁለት ቢወሰድ ለ50 ቀን እንደሚበቃ አስልቶ፣ የሚያልቅበትን ቀን በዕቃው ላይ መጻፍ ይበጃል።

በቤት፣ በአዳራሽና በመጋዘን

መድኃኒቱ እብጠቱን ሲያበርድ፣ የሚያነሣሣውን ነገር መቀነስ ደግሞ የሁላችን ሥራ ነው።

በቤት ውስጥ ዋናው ጠላት ጢስ ነው። እንጨትና ኩበት በጠባብ ጎጆ ሲነድ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ናቸው። የሚቻል ከሆነ ማብሰያው ከመኝታው ይለይ፤ የጢስ መውጫና መስኮት ይኑረው፤ እንጨቱ ደረቅ ይሁን። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ የሚያስፈልገውን እንጨት በእጅጉ ስለሚቀንስ ጢሱንም ያቃልላል። ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጨስበት ጊዜ ሕመምተኛው ከራቅ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ ወይም ዕጣኑ ይቅር። ባለቤቲቱ ይህን እንደ ንቀት እንዳታየው አስቀድሞ በትሕትና መንገር ይበቃል። ሲጋራ ግን ከቤት ፈጽሞ ይውጣ።

በክረምት እርጥበት የሚያሻግተው ግድግዳ፣ ፀሐይ ያላየ ፍራሽና ብርድ ልብስ አስምን ያነሣሣሉ። ፍራሹን በየጊዜው ፀሐይ ማስመታት፣ ብርድ ልብሱን በሙቅ ውኃ ማጠብ ይጠቅማል። በረኪናን ከሌላ የጽዳት መድኃኒት ጋር መቀላቀል ለጤነኛም አደገኛ ነው።

በአዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በደረቁ መጥረግ አቧራውን ወደ አየር ያነሣዋል። ስለዚህ ውኃ ረጭቶ መጥረግና ቀደም ብሎ መጨረስ ይሻላል። ጄኔሬተሩ ከመስኮት ይራቅ። ለሌሊት ጸሎት የሚመጡ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን እንዲይዙና በነጠላ ወይም በሻርፕ አፍና አፍንጫቸውን እንዲሸፍኑ ይነገራቸው።

በመጋዘን የሚሠሩ የፕሮጀክት ሠራተኞች ከእህል ጆንያ፣ ከዱቄትና ከሲሚንቶ የሚነሣ አቧራ ይስባሉ። አስም ያለበትን ሰው ከጆንያ ጫኝነት ወደ መዝገብ ሥራ ማዛወር ውለታ ሳይሆን ማስተዋል ነው። የእህል ተባይ ማጥፊያ የተደረገበት መጋዘን ደግሞ የተወሰነለት ጊዜ ሳይሞላና አየር ሳያገኝ ማንም እንዳይገባበት መጠንቀቅ ያሻል።

አስሙ ሲነሣ ምን እናድርግ?

1. ሕመምተኛውን ከጢስ ወይም ከአቧራ አውጥቶ፣ ወደ ፊት ጥቂት ጎንበስ ብሎ እንዲቀመጥ መርዳት። አይተኛ። ልብሱ ይላላለት። ሰው አይክበበው። አጠገቡ ያለው ሰው ረጋ ብሎ ያነጋግረው።
2. ሰማያዊውን ማስታገሻ፣ በስፔሰር ቢሆን ይመረጣል፣ አንድ አንድ እያሉ አራት ምት መስጠት፤ በእያንዳንዱ ምት አራት ጊዜ ይተንፍስ።
3. አራት ደቂቃ መጠበቅ። ካልተሻለው ሌላ አራት ምት መስጠትና ወዲያውኑ መጓጓዣ መፈለግ። በመንገድም እንዲሁ መቀጠል።
4. የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መሄድ፦ አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ሲያቅተው፣ የጎድን አጥንቱ መካከል ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣ ከንፈሩ ሲጠቁር ወይም ሲገረጣ፣ ሲደክመውና ሲያንቀላፋ።

አንድ ነገር በተለይ ይታወቅ። ሲር ሲር ይል የነበረው ደረት ድንገት ዝም ቢልና ሰውየው ቢዝል፣ ተሻለው ማለት አይደለም፤ አየሩ መግባት አቁሟል ማለት ነው። እንዲህ ላለው ሰው «ይረፍ» ብሎ የእንቅልፍ መድኃኒት መስጠት ሊገድለው ይችላል። በጤና ተቋም የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን እብጠቱን ለማብረድ ሰዓታት ስለሚፈጅበት፣ ቀደም ብሎ መድረስ ወሳኝ ነው።

ሰዎች ስለሚሉት

«ኢንሄለር ሱስ ይሆናል፤ የመጨረሻ መድኃኒት ነው» ይባላል። እውነት አይደለም። መከላከያው ሱስ አያስይዝም፤ መጠኑም ትንሽ ስለ ሆነ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ከመጨረሻ ይልቅ በመጀመሪያ ሊሰጥ የሚገባው መድኃኒት ነው።

«ያረገዘች ሴት ታቁም» ይባላል። ይህም ስሕተት ነው። እናቲቱ አየር ሲያጥራት ለፅንሱም ያጥረዋል፤ መድኃኒቷን ትቀጥል፤ ለሐኪሟም ትንገር።

«አስም ያለበት አይሩጥ» ይባላል። በአስም እየታከመች የሮጠችው እንግሊዛዊት ፓውላ ራድክሊፍ በ2003 የሎንዶን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ25 ሴኮንድ በመጨረስ የዓለም ክብረ ወሰን ያስመዘገበች ናት። በ2007 በኒው ዮርክ የእኛን ጌጤ ዋሚን ያሸነፈችውም እርሷ ናት። በሚገባ የተያዘ አስም ልጆችን ከጨዋታ አያስቀርም።

ሌሎች መድኃኒቶች ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። ለደም ግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል የአስም ሕመምተኛን ቧንቧ ሊዘጋ ይችላል፤ አስፒሪንና አይቡፕሮፌንም በአንዳንዶች ላይ አስም ያነሣሣሉ። ስለዚህ ለሐኪምና ለመድኃኒት ቤት ባለሙያ «አስም አለብኝ» ማለት አይዘንጋ።

በመጨረሻም፣ በአንዳንድ ጉባኤዎች ለሕመምተኛው ከተጸለየለት በኋላ «እምነትህን በተግባር ግለጽ፤ መድኃኒቱን ጣል» የሚሉ አሉ። ከደኅና ልብ ሊሉት ይችላሉ። ነገር ግን አስም በጠባዩ ለሳምንታት ዝም ብሎ የሚመለስ ሕመም ስለ ሆነ፣ ዛሬ መሻሉ ነገ አለመነሣቱን አያረጋግጥም። መጸለይና መድኃኒት መውሰድ አይጣሉም፤ ከሐዋርያው ጋር የተጓዘው ሉቃስም ሐኪም ነበር። መከላከያውን መቀነስ ወይም ማቆም የሚቻለው ለወራት ደኅንነት ከታየ በኋላ፣ በሐኪም ምክር ብቻ ነው።

ጉባኤና ሠራተኞች ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

ሕሙማንን የሚጎበኙ ወንድሞችና እኅቶች እነዚህን አራት ጥያቄዎች ቢጠይቁ ብዙ ይረዳሉ። ባለፉት አራት ሳምንታት፦ ቀን ቀን ሕመሙ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ተሰምቶሃል ወይ? ሌሊት ቀስቅሶሃል ወይ? ማስታገሻውን በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ወስደሃል ወይ? ከሥራህ ወይም ከመንገድህ አስቀርቶሃል ወይ? ለአንዱ እንኳ «አዎን» ከተባለ ሕመሙ በሚገባ አልተያዘም። እንዲሁም በዓመት ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሰማያዊ ኢንሄለር የሚጨርስ ሰው ለብርቱ ሕመም የተጋለጠ ስለ ሆነ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መከላከያውን እንዲጀምር ይመከር።

በእያንዳንዱ አዳራሽና የሥራ ጣቢያ የሳልቡታሞል ኢንሄለርና ስፔሰር በሚታወቅ ቦታ ቢቀመጥ፣ አጠቃቀሙንም ሁለት ሰዎች ቢማሩ፣ የባጃጅ ወይም የአምቡላንስ ስልክ በግድግዳ ላይ ቢጻፍ ወጪው ትንሽ ነው። ለችግረኞች መርጃ የሚሆን ገንዘብ ያለው ጉባኤ ደግሞ አስታውሶ መጠየቅ ያለበት ይህን ነው፤ የምንገዛው ሰማያዊውን ብቻ ነው ወይስ ቡናማውንም? ሕመምተኛው ተጨንቆ ሲመጣ የሚጠይቀን ሰማያዊውን ነው። በደኅናው ቀን ግን ማንም ቡናማውን ሊለምን አይመጣም። ስለዚህ ያንን ማስታወስ የእኛ ድርሻ ነው።

ያች እንጀራ ጋጋሪ እናት ከሆስፒታል ስትወጣ፣ ቡናማውን ኢንሄለር ጧት ከምትቀሰቅሰው እሳት በፊት፣ ማታም ከመኝታዋ በፊት እንድትስብ ተነገራት። ዕቃውን ከጥርስ መፋቂያዋ አጠገብ አስቀመጠችው። ሰማያዊው አሁንም በቦርሳዋ አለ፤ አንዱን ለመጨረስ ግን ብዙ ወራት ይፈጅባታል።